ራቭ ፎር፣ ፕራዶ ወይስ ሃርድቶፕ? ለጅማ መንገድ የቱ ቶዮታ ይታመናል

ሊሙ መንገድ (ጠያቂ)

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ያገለገለ ቶዮታ ለመግዛት ፈልጌ ሦስት መኪና ላይ ቆሜአለሁ። አንደኛው በፈረንጅ የ2007 ራቭ ፎር ነው፤ 2.4 ቤንዚን፣ አውቶማቲክ፣ አራቱም ጎማ የሚጎትት። ሁለተኛው የ2005 ፕራዶ፣ 3.0 ዲ-ፎር-ዲ ናፍጣ፣ ማንዋል። ሦስተኛው በጨረታ የወጣ የ2004 ሃርድቶፕ ላንድክሩዘር፣ 4.2 ናፍጣ። የሦስቱም ሊብሬ ንጹሕ ነው፣ ቦሎም አላቸው።

ሥራው እንዲህ ነው፦ በሳምንት አራት ቀን ከጅማ አጋሮ ደርሶ መልስ፣ ከዚያ ወደ ቀበሌ የሚገቡ የጠጠርና የአፈር መንገዶች። ከጥቅምት እስከ ጥር ቡና ሲደርስ እስከ ሊሙ ገነት። በወር ሁለቴ አዲስ አበባ፣ ያው በጊቤ በረሃ። ጭነቱ ቢበዛ አራት ሰውና ሦስት ጆንያ ቡና ነው።

ደላላው "ቶዮታ እኮ ነው፣ ምን ይሆናል" ይላል። እኔ የምፈልገው የቱ ምኑ ጋ እንደሚሄድ፣ ለምን እንደሚሄድ፣ ሳልገዛው በፊት በዓይንና በእጅ እንዴት እንደሚታወቅ ነው። የዋጋውን ነገር ለእኔ ተዉት።

ቴስታታ (መላሽ)

መጀመሪያ የሞዴሉን ስም ተወውና ሞተሩን ጠይቅ። "ፕራዶ ጥሩ ነው" ማለት ምንም ማለት አይደለም። በዚያው 120 በሚባለው የፕራዶ ቦዲ ውስጥ ብዙ ዓይነት ሞተር ገብቷል፤ አንዱ ከሌላው ጋር በጉልበትም በበሽታም አይገናኝም። ኮፈኑን ክፈትና የብረት ሰሌዳዋን አንብብ። ከሞዴል ኮዱ የመጀመሪያዎቹ ፊደሎች ሞተሩን ይነግሩሃል። ኬዲጄ ካለ ዋን ኬዲ፣ ማለትም ዲ-ፎር-ዲው ነው። ኤልጄ ካለ ያለ ተርቦ (አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋ መሣሪያ) የሚሠራው ናፍጣ ፋይቭ ኤል፣ ቲአርጄ ካለ 2.7 ቤንዚን፣ ጂአርጄ ካለ 4.0 ቪ-6 ቤንዚን፣ ሃርድቶፑ ላይ ኤችዜድጄ ካለ ዋን ኤችዜድ፣ 4.2ቱ ናፍጣ ነው። ራቭ ፎር ላይ ኤሲኤ የኤዜድ ሞተር ነው፤ ዜድኤስኤ ከሆነ ከዚያ ወዲህ የመጣው 2.0 ዜድአር ነው። ሞተሩ ላይ የተመታው ቁጥር ከሊብሬው ጋር ካልገጠመ እዚያው ላይ አቁም፤ ስም ሲዞርም ሆነ ቦሎ ሲመጣ ያስቸግርሃል።

አሁን ራቭ ፎሩ። የ2007ቱ 2.4 ሞተር ቱ ኤዜድ ይባላል። የታይሚንግ ቺንጋ (የሞተሩን የላይና የታች ክፍል አብሮ የሚያዞር ቀበቶ) የለውም፣ በሰንሰለት ነው የሚሠራው፤ ይህ ጥሩ ጎኑ ነው። ሁለት የታወቀ በሽታ ግን አለው።

አንደኛው ዘይት መብላት ነው። ፒስቶኑ ላይ ከዘይት ፋሻው (ፒስቶኑን ከከበበው ቀለበት) ጀርባ ያሉት የዘይት መመለሻ ቀዳዳዎች ጠባብ ናቸው። ዘይት በጊዜው ካልተቀየረ በካርቦን ይደፈናሉ፣ ፋሻው ይጣበቃል፣ ዘይቱ ወደ ላይ አልፎ ይቃጠላል። ጭስ ብዙ ጊዜ አይታይም፤ ስለዚህ ሻጩ "አያጨስም" ሲልህ አትርካ። በ2,000 ኪሎ ሜትር ከአንድ ሊትር በላይ ከጠጣ ታሟል። ይህን በአንድ ቀን ሙከራ አታገኘውም፤ ካንዴላዎቹን (ቤንዚኑን የሚለኩሱትን) አስፈትተህ ጥርሳቸው ላይ ጥቁር ወፍራም የዘይት ቅርፊት ካለ ግን ያው ነው። ጋራዥ "ፋሻ ብቻ እንቀይር" ቢልህ እሺ አትበል። ቀዳዳው ያለው ፒስቶኑ ላይ ስለሆነ፣ የተሻሻለው ፒስቶን አብሮ ካልገባ ዘይት መብላቱ ተመልሶ ይመጣል።

ሁለተኛው የባሰው ነው። ብሎኩ (የሞተሩ ዋና አካል) አሉሚኒየም ነው፤ የቴስታታ (ከብሎኩ ላይ የሚቀመጠው የሞተሩ ራስ) ብሎኖቹ የሚያዙበት ጥርስ ይበላል። ቴስታታውን የሚይዙት 10 ብሎኖች ናቸው፤ ብዙ ጊዜ የሚላቀቁት ከኋላ በኩል፣ ከካቢኑ ግድግዳ ወገን መሃል ላይ ያሉት ናቸው። ያኔ ጓርኒሲዮኑ (በሁለቱ መሃል ያለው ማሸጊያ) በዚያ በኩል ይለቅና ውሃ በጥቂቱ ይወጣል። መሬት ላይ ጠብታ አታይም፤ ትኩስ ብሎክ ላይ ደርቆ ነጭ ወይም ሮዝ ቅርፊት ሆኖ ይቀራል። ባትሪ ይዘህ ከሞተሩ ጀርባ በቴስታታውና በብሎኩ መገናኛ ላይ ተመልከት። ይህ በሽታ በብዛት ያለው እስከ 2006 ባሉት ላይ ነው፤ ቢሆንም የ2007ቱን ሳታይ አትለፍ። ጓርኒሲዮን ቀይሮ የድሮው ጥርስ ላይ መልሶ ማጥበቅ ገንዘብ መጣል ነው፤ ሁሉም ቀዳዳ ተቦርቡሮ የብረት ጥርስ ሊገባለት ይገባል። ጅማ ላይ ይህን ከመጀመርህ በፊት ባለ ቶርኖው ቀዳዳውን ቀጥ አድርጎ የሚመራ ቋሚ መሣሪያ እንዳለው ጠይቅ። በእጅ ድሪል የተበሳ ብሎክ ጠማማ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ ብረት ነው የምትሸጠው።

ናፍጣ ብቻ (መላሽ)

ስለ ፕራዶው ልጨምር። ዋን ኬዲ ጉልበቱ ግሩም ነው። ተርቦ ስላለው በጅማ ከፍታ እንደ ቆላው ይሄዳል፤ ያለ ተርቦ ያሉት ግን በ1,000 ሜትር 10 በመቶ ገደማ ያጣሉ። የሚሞተው ግን በኢንጄክተሩ በኩል ነው፤ ይህም ሁለት የተለያየ ነገር ነው፣ ሰው ያደባልቀዋል።

አንዱ የኢንጄክተሩ ራሱ ማርጀት ነው። ጠዋት በቀዝቃዛው ሲነሣ ቋ ቋ ይላል፣ ነጭ ጭስ ያወጣል። ስካነር ይገናኝና ሞተሩ ሞቆ በሥራ ፈት (ነዳጅ ሳይረገጥ) ሲዞር የአራቱ ኢንጄክተር ማስተካከያ ቁጥር ይነበብ። ከዜሮ ወደ ላይም ሆነ ወደ ታች 3 ካለፈ ያ ኢንጄክተር ጨርሷል። አብዝቶ የሚረጭ ኢንጄክተር ፒስቶኑን በአንድ ቦታ ያቃጥለዋል፣ በመጨረሻ ይሰነጥቀዋል። አዲስ ሲገባ ላዩ ላይ የተጻፈው ባለ 30 ፊደልና ቁጥር ኮድ ኮምፒውተሩ ውስጥ መግባት አለበት፤ ሳይገባ "ሠርቷል" የተባለ መኪና ሥራ ፈት ላይ ይንቀጠቀጣል።

ሌላው የመዳብ ቀለበቱ ነው፤ ገዳዩ ይህ ነው። ከኢንጄክተሩ ሥር የምትቀመጥ ቀጭን የመዳብ ቀለበት አለች። እሷ ስታፈስ የተቃጠለው ጋዝ ወደ ላይኛው ክዳን ውስጥ ይገባና ዘይቱን ወደ ጥቁር ጭቃ ይለውጠዋል። ጭቃው ወደ ካርተሩ (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት ማጠራቀሚያ) ይወርድና የዘይት መምጠጫውን ወንፊት ይደፍነዋል። ኢንጄክተሩ ደህና፣ ኮምፒውተሩ ደህና፣ አንድ ቀን መንገድ ላይ ሞተሩ በዘይት እጦት ይነክሳል። ምልክቱ ይህ ነው፦ ጠዋት ሲነሣ የዘይቱ መብራት ቶሎ አልጠፋ ይላል፤ ሥራ ፈት ላይ የዘይት መሙያ ክዳኑን ስትከፍት ጋዙ እጅህን በኃይል ይመታል፤ ከክዳኑ ሥር ጠንካራ የከሰል ቅርፊት አለ። እርግጠኛ ለመሆን ካርተሩ ወርዶ ወንፊቱ ይታይ። ግማሽ ቀን የማይሞላ ሥራ ነው፤ ሻጩ ካልፈቀደ ምክንያት አለው።

የመዳብ ቀለበቶቹን በየ40,000 እስከ 50,000 ኪሎ ሜትር መቀየር ነው። የድሮውን በእሳት አለስልሶ መልሶ መግጠም የሚባል ልማድ አለ፤ በዚህ ሞተር ላይ አይሠራም። መቀመጫውም በብሩሽ ሳይሆን ለእሱ በተሠራ መፋቂያ ይጽዳ።

የናፍጣ ፊልትሮ በየ10,000። ከሥሩ ያለችውን የውሃ መቋጠሪያ በየሁለት ሳምንቱ ፈታ አድርገህ ልቀቃት። ከበርሜል የሚቀዳ ናፍጣ ለዚህ ሞተር መርዝ ነው፤ የፓምፑ መቆጣጠሪያ ቫልቭ ትንሽ ቆሻሻ ካገኘው መዞሩ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ያጠፋዋል።

ካምቢዮ (መላሽ)

ሁለታችሁም ሞተር ብቻ አወራችሁ። መኪና የሚቆመው በሞተር ብቻ አይደለም፤ በተለይ ከአጋሮ ወጥቶ ቀዩ አፈር ውስጥ ለሚገባ ሰው።

የራቭ ፎሩ የኋላ ጎማ የሚጎተተው በኤሌክትሪክ በሚያዝ መያዣ ነው፤ ከኋላ ዲፍሬንሻሉ ፊት ተቀምጧል። የመቆለፊያው ቁልፍ ከ40 ኪሎ ሜትር በሰዓት በላይ በራሱ ይለቃል። ጭቃ ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ ጎማውን ካሽከረከርከው ይሞቅና ራሱን ለማዳን ያቋርጣል፤ ያኔ የፊት ጎማ ብቻ የሚጎትት አውቶሞቢል ነህ። ተበላሸ ማለት አይደለም፣ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል፤ ለመሃል ከተማና ለጠጠር መንገድ ይበቃል። ከመሬት ከፍታው 19 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው፤ የጭነት መኪና የቆረጠው ቦይ ውስጥ ሆዱ ይቀመጣል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ወደ ቀበሌ የሚገባ ሰው ይህን አስቦ ይግዛ።

አንድ የማትዘልሉት ነገር፦ የራቭ ፎሩን የኋላ የታችኛውን ብራቾ (ጎማውን ከቦዲው ጋር የሚያያይዘውን ክንድ) እዩ። ጎማ ማስተካከያ ተሠርቶ ዳዶው (የብሎኑ ማጥበቂያ) በደንብ ካልጠበቀ ጥርሱ ውሃና አፈር ይገባበታል፣ ይዝጋል፣ ይበጠሳል። ቶዮታ ራሱ ከ2006 እስከ 2011 ያሉትን ራቭ ፎሮች በፈረንጅ በ2012 ለዚህ ለጥገና መልሶ ጠርቷቸዋል። ክሪክ ላይ አንሱትና ጎማውን በሁለት እጅ ወዲህ ወዲያ ነቅንቁ፤ ብራቾው ላይ እንቅስቃሴ ካለ ወይም ዳዶው ላይ ወፍራም ዝገት ካለ መቀየር አለበት።

ፕራዶው ላይ የመሪው ሳጥን ዘይት ያፈሳል፣ የፊት የታችኛው ብራቾ ጎሚኒ (መጋጠሚያው ላይ ያለው ጎማ) ይበላል። ከኋላ በአየር ፊኛ የሚቆም ዓይነት ከሆነ ፊኛው ሲያረጅ መኪናው አድሮ ጠዋት ጭራው ወርዶ ይገኛል፤ ብዙ ሰው በሞላ ይተካዋል፣ እሱም ይሻላል።

(ለሌላ አንባቢ፦ ከ2001 እስከ 2003 ያለ አውቶማቲክ ራቭ ፎር ማርሽ ሲቀይር የሚመታ ከሆነ ካምቢዮውን (የማርሽ ሳጥኑን) ለማውረድ አትቸኩሉ። የሞተሩ ኮምፒውተር ውስጥ ብየዳው ይላቀቃል፣ ለካምቢዮው የተሳሳተ ትእዛዝ ይሰጣል። ኮምፒውተሩ ቶሎ ካልተሠራ ግን ካምቢዮውንም ይዞ ይሄዳል።)

ባሌስትራ (መላሽ)

ሃርድቶፑን ማንም አልነካውም፤ የማያሳስብ ስለሆነ ነው መሰለኝ። ሆኖም በጨረታ የወጣ ሃርድቶፕ ሁሉ ሃርድቶፕ አይደለም።

ዋን ኤችዜድ 4.2 ሊትር፣ ስድስት ሲሊንደር፣ ተርቦ የሌለው፣ የሚረጨውም በሜካኒካል ፓምፕ ነው። ብሎኩም ቴስታታውም የብረት ቀልጦ ሥራ ነው። ኮምፒውተር የለው፣ ሴንሰር የለው፤ በሽቦ ችግር ጫካ ውስጥ አይጥልህም። ፋብሪካው 130 ፈረስ ጉልበት ገደማ ይለዋል፤ ጅማ 1,750 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሆነች እዚህ ከ110 አይበልጥም። ከጊቤ ወደ ሰኮሩ ሲወጣ በሦስተኛ ማርሽ ይንፏቀቃል፤ ይህ በሽታ አይደለም፣ ተፈጥሮው ነው። ጉልበት ፈልገው ከውጭ ተርቦ የጫኑበት ካለ አትግዛ። ቴስታታው ውስጥ ያሉት የማቃጠያ ጓዳዎች ለዚያ ሙቀት አልተሠሩም፣ ይሰነጠቃሉ።

የሚገድሉት ሁለት ነገሮች ናቸው። የታይሚንግ ቺንጋ፦ በየ100,000 ኪሎ ሜትር ይቀየር፣ ሲቀየርም መወጠሪያው ኩሽኔታና የፊት ዘይት መያዣ ጎማዎቹ አብረው። ቺንጋው ዘይት ከነካው ኪሎ ሜትሩን አይጠብቅም። ሁለተኛው መሞቅ ነው። ኩላንት በሌለበት የጉድጓድ ውሃ ሲጨመርበት የኖረ ራዲያተር ውስጡ በዝገትና በኖራ ይደፈናል። ክዳኑን ቀዝቃዛ ሳለ ከፍተህ ጣትህን አስገባ፤ ቡናማ ጭቃ ከያዘ ራዲያተሩ ወርዶ መታጠብ አለበት፣ ዋጋው ላይ አስብበት።

ሌላ፦ የፊት ጎማ መዞሪያው ላይ ያሉት ክብ ኳሶች ይታዩ። ከጀርባቸው ቀጭን ግራሶ የተቀላቀለበት ዘይት ወደ ታች ከወረደ የውስጡ ጎማ አልፎበታል፣ የዲፍሬንሻል ዘይት ግራሶውን አጥቦታል። ዕቃው ውድ አይደለም፣ ሥራው ግን ለሁለቱም ወገን አንድ ሙሉ ቀን ይፈልጋል። ጭቃ ውስጥ የኖረ መኪና ላይ ይህ ሳይኖር አይቀርም። ባሌስትራውን (በተደራረበ የብረት ቅጠል የተሠራውን ሞላ) ቅጠል በቅጠል ቁጠር፤ የተሰበረው ቅጠል ብዙ ጊዜ መሃሉ ላይ፣ መያዣ ብሎኑ ጋ ነው፣ ጭቃ ይሸፍነዋል።

የሞተር ዘይቱ ወደ 10 ሊትር ነው። ራቭ ፎሩ ከ4 ትንሽ አለፍ ያለ፣ ፕራዶው 7 ገደማ። በየ5,000 ስትቀይር ይህም ወጪ ነው፣ ከወዲሁ ቁጠረው።

ሊሙ መንገድ (ጠያቂ)

እግዜር ይስጥልኝ፣ ከጠበቅሁት በላይ ነው። ሰሌዳዎቹን አንብቤ መጣሁ። ፕራዶው ኬዲጄ 120 ነው። ባለቤቱ "ቺንጋው ተቀይሯል፣ የቺንጋው ማስጠንቀቂያ መብራት ጠፍቷል" ይላል፤ ደረሰኝ የለውም። የሃርድቶፑ ራዲያተር እንዳላችሁት ቡናማ ነው። ራቭ ፎሩ ከሞተሩ ጀርባ ደረቅ ነው፣ ቅርፊት አላየሁም፤ ካንዴላው ገና አልተፈታም። ደላላው ደግሞ ሌላ ፕራዶ አመጣ፤ ኤልጄ 120፣ ፋይቭ ኤል። ጥያቄዬ ሁለት ነው፦ የቺንጋው መብራት መጥፋት ማስረጃ ይሆናል? ጊቤ ላይ የሚሞቅ መኪና ጅማ ላይ ሆኜ እንዴት ላውቀው እችላለሁ?

ናፍጣ ብቻ

መብራቱ ማስረጃ አይሆንም። 150,000 ሲሞላ ይበራል፤ ግን ዳሽቦርዱ ላይ ባለችው የኪሎ ሜትር ቁልፍ ብቻ፣ ማንም ሰው፣ ቺንጋ ሳይነካ ያጠፋዋል። የላይኛውን የቺንጋ ሽፋን አስከፍት፤ ጥቂት ብሎኖች ናቸው። ቺንጋው ጀርባ ላይ ያለው ጽሑፍ ጥርት ብሎ የሚነበብ ከሆነ ብዙ አልሠራም። ጽሑፉ ጠፍቶ ጀርባው የሚያብለጨልጭ ከሆነ፣ ወይም ጎኑ ላይ ክር ክር ካወጣ አሮጌ ነው። ቢበጠስ ፒስቶንና ቫልቭ ይጋጫሉ፤ ያ ከቺንጋ ዋጋ ጋር አይወዳደርም። ጥርጣሬ ካለህ በገዛህ ሳምንት ቀይረው።

ፋይቭ ኤል፦ ቀላል ሞተር ነው፣ ኢንጄክተሩ ተራ ነው፣ ናፍጣ አይመርጥም። ነገር ግን መቶ ፈረስ የማይሞላ ጉልበት ለዚያ ከባድ ቦዲ፣ ያውም በዚህ ከፍታ። ከነሰው ከነጭነቱ ጊቤን ሲወጣ ሙሉ ቤንዚን ረግጠህ፣ ይቅርታ፣ ሙሉ ናፍጣ ረግጠህ ነው የምትኖረው። ሁልጊዜ ሙሉ የሚረገጥ ሞተር ይሞቃል፣ የሞቀ ደግሞ ቴስታታ ይሰነጥቃል። ለከተማና ለአጋሮ እሺ፤ በወር ሁለቴ አዲስ አበባ ለሚሄድ ሰው አልመርጠውም።

ቴስታታ

የሙቀቱን ጥያቄ እኔ ልያዘው። በጅማ ከፍታ ተራ ውሃ 94 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል። ሞተሩ የሚሠራው ከ80ዎቹ አጋማሽ እስከ 90ዎቹ ነው፤ መሃሉ ላይ የቀረህ ክፍተት ትንሽ ነው። መፍላቱን የሚያዘገየው የራዲያተሩ ክዳን የሚይዘው ግፊት ነው። ስለዚህ በአንዲት ርካሽ ዕቃ የሚቃጠል ቴስታታ አለ። ክዳኑ ላይ 0.9 ወይም 1.1 ተብሎ የተጻፈውን ከመኪናው መመሪያ ጋር አስተያይ፤ ጎማው የተሰነጠቀ ወይም ስፕሪንጉ የላላ ከሆነ ጣለው።

ከመግዛትህ በፊት እንዲህ አድርግ። ሻጩን ሳትነግረው ጠዋት በማለዳ ሂድ፣ ኮፈኑን ነክተህ ሞተሩ ቀዝቃዛ መሆኑን እርግጠኛ ሁን። ሞቆ የጠበቀህ መኪና አንድ ነገር እየደበቀ ነው፤ ሌላ ቀን ተመለስ። ቀዝቃዛ ሳለ ክዳኑን ክፈት፣ ውሃውን እስከ አፉ ሙላ፣ ክዳኑን ሳትገጥም አስነሣ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ደቂቃ ተከታታይ አረፋ ከወጣ ጋዝ ወደ ውሃው እየገባ ነው፤ ጓርኒሲዮን ወይም የተሰነጠቀ ቴስታታ። መጀመሪያ የሚወጣ ጥቂት አረፋ የተያዘ አየር ሊሆን ይችላል፣ አያስደንግጥህ። ከዚያ አጥፋና ክዳኑን ግጠም፣ እንደገና አስነሣና የላይኛውን የራዲያተር ቱቦ ጨብጥ። ቱቦው ገና ሳይሞቅ እንደ ድንጋይ ከጠነከረ ግፊቱ የሙቀት አይደለም፣ የሲሊንደር ነው።

ቀጥሎ ዳገት። ጊቤ ድረስ መሄድ አያስፈልግም፤ ከጅማ አጋሮ ባሉት ዳገቶች ላይ በከባድ ማርሽ ቢያንስ 20 ደቂቃ ጫንበት። የቶዮታ የሙቀት ቀስት እንዳያታልልህ፦ መሃል ላይ ቆሞ ብዙ ዲግሪ ያልፋል፣ ተነሣ ስትል ሞተሩ ቀድሞ ሞቋል። ስካነር ላይ ዲግሪውን ቁጥር በቁጥር ተከታተል፤ ስካነር የማይገባለት ሃርድቶፕ ላይ በእጅ የሚያዝ የሙቀት መለኪያ ወደ ቴርሞስታቱ ቤት ደግን። ሞተሩን ሞቅ እያለ አጥፍተህ ቬንቲላተሩን ተመልከት፤ ሁለት ሦስት ዙር በነፃ ዞሮ መቆም አለበት። እንደ ብስክሌት ጎማ የሚሽከረከር ከሆነ መያዣው ዘይቱን ጨርሷል። ይህ ለፕራዶውና ለሃርድቶፑ ነው፤ ራቭ ፎሩ የኤሌክትሪክ ቬንቲላተር ነው ያለው።

የራዲያተሩ ጥርስ መሃል ያለው ቀይ ጭቃ ከፊት ሲታጠብ ወደ ውስጥ ይገፋል። ከሞተሩ ወገን ወደ ውጭ፣ ቀስ ባለ ውሃ ነው የሚታጠበው።

ባሌስትራ

ከተባለው ሁሉ ተነሥቼ፦ በዚህ ሥራ ላይ እኔ ሃርድቶፑን እወስዳለሁ፤ ራዲያተሩ ወርዶ ከታጠበ፣ ቺንጋውና የፊት ጎማ መዞሪያው ጎማዎች በዋጋው ላይ ከተቀነሱ። ምቾት ግን የለውም፣ የኋላ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው አዲስ አበባ ሲደርስ ያማርራል።

ካምቢዮ

እኔ ራቭ ፎሩን እላለሁ፣ ካንዴላው ንጹሕ ከሆነ ብቻ። በሳምንት አራት ቀን አስፋልት ላይ ነው፤ ለሁለት ወር ጭቃ ሲባል ዓመቱን ሙሉ 10 ሊትር ዘይት መቀየር አይታየኝም። ደግሞም የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ እንደ ራቭ ፎር ያለ መኪና ሲሸጥ ገዢ አያጣም። ለሐምሌና ነሐሴ የቀበሌውን መንገድ በሞተር ሳይክል ተወጣው።

ሊሙ መንገድ (ጠያቂ)

ነገ ማለዳ የራቭ ፎሩን ካንዴላ አስፈታለሁ። ጥቁር ከሆነ ሃርድቶፑ ጋ እሄዳለሁ፣ ኬዲጄውን ትቼዋለሁ። አንዲት ነገር ብቻ፦ ካንዴላው ለማስመሰል አዲስ ገብቶ ቢሆንስ?

ቴስታታ

ይሆናል፣ ደላላ ይህን ያውቃል። ካንዴላው አዲስ ከሆነ በቀዳዳው በኩል በቀጭን ካሜራ የፒስቶኑን ጭንቅላት እዩት፤ ጅማ ላይ ይህች ካሜራ ያላቸው ጋራዦች አሉ፣ በስልክ የምትሠራውም ትበቃለች። ዘይት የሚያልፍበት ፒስቶን ጠርዙ ዙሪያውን ታጥቦ ያንጸባርቃል፣ መሃሉ ጥቁር ወፍራም ሆኖ ይቀራል። ደህናው ከጠርዝ እስከ መሃል አንድ ዓይነት ደረቅ ግራጫ ወይም ቡናማ ነው። አራቱንም እያቸው፤ ብዙ ጊዜ አንዱ ብቻ ነው የሚያጋልጠው።